አደራ ካይቷን

ሐበሻና ነፋስ ደም እንደተቃቡ የማታውቁ ካላችሁ አንድ ቀን አብራችሁን አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሙቀቱ ጣሪያ ነክቶ፣ ሰው በላብ ተጠምቆ፣ አንዱ ደፋር ተነስቶ መስኮቱን በአንድ ጣት ስፋት ከፈት ሲያደርግ ከኋላ ወንበር ወዲያው ድምፅ ይመጣል፤ «ኧረ ዝጉት፣ ነፋስ ሊመታን ነው።» እኛ ዘንድ ወገብ የሚይዘው ነፋስ ነው። አንገት የሚያጣምመው ነፋስ ነው። ጥርስም የሚታመመው ነፋስ ስለገባው እንጂ ስለበሰበሰ አይደለም። እኔ ቶሮንቶ ከመጣሁ ሃያ ዓመት ቢያልፈኝም ከዚህ እምነቴ ንቅንቅ አላልኩም። ዌስተን ውስጥ የአንድ ሕንፃ ሱፐር ነኝ፤ ሱፐር ማለት ቧንቧ ሲፈስ፣ ሊፍት ሲቆም፣ ላይኛው ፎቅ ሲጨፍር የሚጠራ ሰው ነው። ተከራዮቼ መስኮት ከፍተው እንደሚተኙ ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳዝኑኛል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ባለፈው ሰመር፣ ቅዳሜና እሑድን፣ ሚስቱን ዋሽቶ ነፋስ ፍለጋ የወጣው።

ጥፋቱ የአፌ ነው። አንድ ክርስትና ላይ ብሩክ ከሚባል ልጅ ጋር አንድ ጠረጴዛ ደረሰን። ልጅ አልኩት እንጂ ሠላሳን አልፏል፤ በሙያው ተወዳድሮ የመጣ፣ ኖርዝ ዮርክ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚከፈለው ሰው ነው። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ራሱ ብሩክ ጣውላ ላይ ቆሟል፣ ወገቡ በገመድ ታስሯል፣ ገመዱ ሰማይ ላይ ካለ የድንኳን ሸራ ከሚያህል ነገር ጋር ተያይዟል፤ ነፋሱ ሸራውን ይጎትታል፣ ሸራው ብሩክን ውሃ ላይ ያስጋልበዋል። ካይት ነው የሚባለው። ጠረጴዛው ሁሉ ወይ ጉድ አለ። እኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? «ምን አላት ይቺ፤ እኔ ላንጋኖ ዳር ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ውሃ ለእኔ አስፋልት ነው» አልኩ። ላንጋኖን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በትምህርት ቤት ጉዞ። ውሃው ከጉልበቴ በላይ አልወጣም። ለማያውቁሽ ታጠኚ የተባለው ለእኔ ነው።

«እንግዲያው ጋሼ፣ በሚመጣው ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን» አለ ብሩክ።

«እሺ» አልኩት።

እሺ ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጨዋ ሰው እምቢ ማለት ሲፈልግ እሺ ይላል። ሌላው ጨዋ ደግሞ እሺውን ተቀብሎ ነገሩን ይረሳዋል፤ ሁለቱም ተከባብረው ይኖራሉ። ብሩክ ግን ካናዳ ገብቶ ተበላሽቷል፤ እሺ ስትለው እሺ ያልክ ይመስለዋል። ዓርብ ዕለት ደወለና «ጋሼ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፒክ አደርግሃለሁ፣ ፎጣ ያዝ» አለኝ።

ያስፈራኝ ውሃው አልነበረም፣ ሙሉ ነበረች። ሙሉ ሚስቴ ናት። ከሁለት ክረምት በፊት ይኸው አፌ በረዶ ላይ አስወጥቶኝ፣ ስኬቲንግ ልሞክር ብዬ ክርኔን ሰብሬያለሁ። ያኔም ለሥራ ነው የወጣሁት ብዬ ዋሽቻት ነበር። ስድስት ሳምንት ጫማዬን ያሰረችልኝ፣ ጀርባዬን ያሸችልኝ፣ እንደ ሕፃን ያጎረሰችኝ እሷ ናት። ክርኔ ሲድን ሽማግሌ ጠራች። ሽማግሌው የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታምሩ ነበሩ። በእሳቸው ፊት «ከእንግዲህ እግሬን ከመሬት አላነሳም፣ አልዋሽምም» ብዬ ማልኩ። እሷም በእሳቸው ፊት «ሁለተኛ ዋሽቶኝ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ካገኘሁት ካልጋሪ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፤ የመመለሻ ትኬት አልቆርጥም» አለች። ሙሉ ቀልድ ትወዳለች። በትኬት ስትቀልድ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ብሩክ ከኦታዋ ዕቃ ሊያመጣ ነው፣ ላግዘው ብዬ ነገርኳት። የታመሙት እናቷ ነገር አሳስቧት ስለነበር ብዙ አልመረመረችኝም። ስንቅ ቋጠረችልኝ። ጥፋት ሠርቶ በሚስት እጅ የተቋጠረ ስንቅ መብላት እንዴት እንደሚያንቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ነድተን ኢሪ ሐይቅ ዳር ደረስን። ብሩክ በመንገዱ ሁሉ መስኮቱን ከፍቶ ነው የነዳው፣ እኔም በመንገዱ ሁሉ ዝጋው እያልኩ ነው የሄድኩት። «ጋሼ፣ ነፋስ ልንፈልግ እየሄድን ነፋስ ትፈራለህ እንዴ?» አለኝ። «እሱ የውጪው ነው፣ ይሄ የመኪና ውስጥ ነው፤ ይለያያል» አልኩት። ምን እንደሚለያየው እኔም አላውቅም።

መጀመሪያ የላስቲክ ቱታ ልበስ ተባልኩ። እጅጌው አጭር ነው፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት፤ ጥበቱ ግን ለሰው ልጅ የተሰፋ አይመስልም። አንድ እግሬን አስገብቼ ሌላውን ሳስገባ የመጀመሪያው ወጣ። ሆዴን ሳስገባ ደረቴ ወጣ። በመጨረሻ ብሩክ ጉልበቱን ጀርባዬ ላይ ተክሎ ዚፑን በሁለት እጁ ጎተተው። ገበያ የሚጫን አህያ እንኳ እንደዚያ አይታሰርም። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ጎንበስ ማለትም አልቻልኩም፤ ቆሜ ቀረሁ።

ቆሜ የቀረሁት ደግሞ በከንቱ ነው። ነፋስ የለም። ስልኩ አለ ይላል፣ ሐይቁ የለም ይላል። የሐይቁ ዳርቻ ከየአገሩ በመጣ ሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ላስቲክ ለብሶ፣ ሁሉም የዛፍ ቅጠል እያየ። አንዲት ቅርንጫፍ ከተነቃነቀች ሁሉም ብድግ ይላል፤ ወፍ ሆና ስትገኝ ሁሉም ቁጭ ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ነገሩ። እኔ በሆዴ ተመስገን እያልኩ፣ በአፌ ግን «ምን ዓይነት ዕድል ነው» እያልኩ ከንፈሬን መጠጥኩ። ማታ ላይ ብሩክ «ግዴለም ጋሼ፤ ነገ ወንዙ ከሐይቁ የሚገናኝበት ቦታ እንሄዳለን፤ እዚያ ነፋስ አይጠፋም» አለኝ። ያን ጊዜ ሙሉ ደወለች።

«እንዴት ነው፣ ከበደ?» አለችኝ።

«ሶፋው ነው ያስቸገረን።»

«ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«አራተኛ።»

«ሊፍት የለውም?»

«ተበላሽቷል።»

«አንተ ሱፐር አይደለህ እንዴ፣ አትጠግነውም?»

«የሰው ሕንፃ ነው ሙልዬ፣ አይነካም።»

«እሺ፣ ወገብህን አደራ» ብላ ዘጋችው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔዋ ግን እያደር ፎቅ ትጨምር ጀመር።

እሑድ ጠዋት ወንዙ ዳር ስንደርስ ነፋሱ ቀድሞን ደርሷል። ዛፎቹ ተጎንብሰው ሰላም አሉን። የምታስተምረው ሴት ሊንዳ ትባላለች፣ ፊቷ ፀሐይ የጠገበ፣ ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት፤ መጀመሪያ ፎርም ሰጠችኝ። ዋና ትችላለህ ወይ ይላል። ብሩክ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ እያየ ነው፤ አልችልም ብዬ ልጽፍ? «በጣም» የሚለውን ትቼ፣ ትሕትናም አይጎዳም ብዬ «መካከለኛ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

ቀጥሎ አደጋ ቢደርስ ለማን እንደውል ይላል። እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። የሙሉን ቁጥር ብጽፍ፣ እግዜር አያድርገውና ቢደውሉላት፣ ከኦታዋ ሶፋ ተነስቼ ውሃ ውስጥ መገኘቴን በምን ላስረዳ ነው? ብሩክን ልጻፍ ስል ሊንዳ «እሱ አብሮህ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሌላ ሰው» አለች። እኔ ደግሞ በቃሌ የማውቀው ስልክ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ የሙሉ ነው። ሌላው ፍሪጃችን በር ላይ በማግኔት ተለጥፎ ስንት ዓመት በየቀኑ የማየው፣ የእድራችን ቁጥር ነው። ጻፍኩት። የእድሩን ስልክ የሚያነሱት ጸሐፊዋ እትዬ ብርቄ ናቸው፣ የጋሽ ታምሩ ባለቤት። እድራችን በምርጫ ነው የሚመራው፤ ሊቀመንበሩና ጸሐፊዋ ሪጀንት ፓርክ አንድ ቤት የሚኖሩት በአጋጣሚ ነው። ማን ይደውላል፣ ቢደውልስ እሳቸው መቼ ያነሳሉ ብዬ ፎርሙን መለስኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በዚያች ደቂቃ ሁለታችንም አንድ አንድ ነገር ጨበጥን።

ሊንዳ ለመጠኔ የሚሆን ካይት አልነበራት፣ ስለዚህ ብሩክ የራሱን ሰጠኝ። አዲስ ናት። ከሳጥኗ ሲያወጣት እንደ ሙሽራ ነበር ያያት። ገመዱን ወገቤ ላይ ባለው መታጠቂያ ሲያስርልኝ «ጋሼ፣ ካይቷን አደራ» አለኝ። ሊንዳም የምይዘውን ብረት አሳየችኝና፣ ከብረቱ በታች ወዳለች ቀይ እጀታ እየጠቆመች «ከአቅምህ በላይ ከሆነ ይቺን ግፋት፤ ካይቱ ተላቆ ይሄዳል፣ አንተ ትተርፋለህ» አለች። ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። ገብቶኛል አልኳት፤ በእውነትም ገብቶኛል።

አሁን ፍረዱኝ። ቀይዋን ከገፋሁ የሰው ካይት ይሄዳል። እኔ ያደግኩበት ሰፈር ጎረቤት አንዲት ዶሮ አደራ ብሎ ሄዶ፣ ዶሮዋ አርጅታ ሞታ፣ አባቴ ላባዋን በፌስታል አስቀምጦ ጠበቀው። አደራ በላ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል ነው ያሉን። ይህን ሊንዳ አላወቀችም። ብሩክ ግን ማወቅ ነበረበት።

ነፋሱ ሸራዋን እንዳገኛት እኔ መሬት ላይ አልነበርኩም። ጣውላውን አላስታውሰውም፤ የረገጥኩትም አይመስለኝም። አንዴ በሆዴ፣ አንዴ በጀርባዬ፣ አንዳንዴም ጭራሽ በአየር ውሃውን እያረስኩ ሄድኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔን ሳያስቀኝ ነው የወሰደኝ። ከኋላዬ ሊንዳ «ቀይዋን!» ትላለች። ብሩክም ይጮኻል። እኔ ጭራሽ ብረቱን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩ። ለገብርኤል ጥላ ተሳልኩ፤ ነፋስ የወሰደው ሰው ጥላ ሲሳል ቅዱሱ ምን እንዳለኝ አላውቅም። ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ ስደርስ የሁለቱም ድምፅ ጠፋ። ከመታጠፊያው ወዲያ ማንም አያየኝም፣ እኔም ማንንም አላይም።

ያቆመኝ ሸምበቆ ነው። ወዲያ ማዶ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት፣ እግራቸው ሥር ተዘረጋሁ። ሴትየዋ ደግፋ ልታነሳኝ እጇን ስትዘረጋ መጀመሪያ ካይቷን አቀበልኳት። ረጥባለች እንጂ አልተቀደደችም። ፎጣ አለበሱኝ፣ ከፔርሙዛቸው ሾርባ ቀዱልኝ፤ መኪናቸው ውስጥ አስገብተውም መለሱኝ። ድልድዩ ሩቅ ስለሆነ ወዲህ ማዶ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። የገብርኤልንም ነገር በመንገድ ላይ እንደገና አሰብኩበትና፣ ጥላ አልኩ እንጂ ትልቅ ጥላ አላልኩም ብዬ ተጽናናሁ።

ብሩክ ሲያየኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ።

«ጋሼ፣ ለምን አልለቀቅካትም?»

«አደራ አላልክም እንዴ?»

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ እንዲያው ለአፌ ያልኩት ነው እኮ!»

ሊንዳ ስትፈልገኝ ከነበረችበት ጀልባ ወረደች። አቀፈችኝ፤ ከዚያ ደግሞ ተቆጣችኝ፤ «ስንቱን ሰው እንዳስጨነቅክ ታውቃለህ?» አለችኝ። ስለ ራሷና ስለ ብሩክ የምታወራ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅኩ። አለቀ፣ ደቀቀ፣ ሙሉም ሳትሰማ አለፈ ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁና የሥራ ስልኬን ከፈትኩ። ሕንፃው በር ላይ «ሱፐር» ተብሎ የተለጠፈው የዚህ ስልክ ቁጥር ነው። ሐበሻ ወዳጆቼ አያውቁትም፤ እነሱ የሚያውቁት የግሌን ነው፤ ሱፐሩ እኔ መሆኔንም ደብቄ፣ የሕንፃ አስተዳዳሪ ነኝ ነው የምላቸው። አንድ የድምፅ መልእክት አለ። የጋሽ ታምሩ ድምፅ ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዳኛ። «ሰር» ይላሉ። በሕይወቴ ጋሽ ታምሩ ሰር ብለውኝ አያውቁም። «ሰር፣ ስድስተኛ ፎቅ ያለው የኢትዮጵያ ቤተሰብ ሞት ደርሶበታል። ለቀስተኛ ስለበዛ የፓርቲ ሩሙን ቁልፍ ይዘው ቢመጡልን።»

መልእክቱን ደግሜ ሰማሁት። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ቤተሰብ አንድ ነው። የእኔ ነው። ቤት ውስጥ የምንኖረው ደግሞ እኔና ሙሉ ብቻ ነን።

ሙሉ ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። ደገምኩ፣ አታነሳም። ብሩክ «ጋሽ ታምሩ ጋ ልደውልና ልጠይቃቸው?» አለኝ። «ተው» አልኩት፤ «መርዶ በስልክ አታሰማኝ።» እውነቱን ለመናገር መስማት ፈርቼ ነው። ካልሰማሁ አልሞተችም። ብሩክ ሞተሩን አስነስቶ ነዳ። የላስቲክ ቱታዬን ለማውለቅ ሁለት ሰው ስለሚጠይቅ እንደለበስኩት ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ ለሚስቴ የነገርኳት የመጨረሻ ቃል ስለ ሶፋ ነው። ያውም ስለሌለ ሶፋ። እሷ ደግሞ ወገብህን አደራ ነው ያለችኝ። የሰው ሸራ አደራ ብዬ ሞትን ስጋፈጥ የሷን አደራ ረሳሁ። ብሩክ ጨንቆት ይሁን ሞቆት መስኮቱን ከፈተው። ዝጋው አላልኩትም።

ስንደርስ የሕንፃው ግቢ በመኪና ተዘግቷል፤ የእሳት አደጋ መኪና መቆሚያውም ሳይቀር። እድራችን ሠርግ ሲጠራ ግማሽ ቀን ይዘገያል፤ ለለቅሶ ግን ከአምቡላንስ ይቀድማል። በዋናው በር ድስት የተሸከሙ፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ይገባሉ። በእነሱ መካከል ማለፍ አቃተኝና፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነውና፣ በጀርባ በር ገብቼ በዕቃ ሊፍቱ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ከለቀስተኛው ሁሉ ደህና አድርጎ ጥቁር የለበሰው እኔ ነበርኩ።

በሩን ስገፋው ሙሉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች። በሕይወት አለች። «እናቴን፣ እናቴን» ትላለች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አማቱ ሞቱ ብሎ ደስ ያለው አማች እኔ የመጀመሪያው አልሆንም፤ የእኔ አማት ግን ደግ ሴት ናቸው፣ ደስታዬ ወዲያው አሳፈረኝና ከሙሉ አጠገብ ወድቄ «እማማን፣ እማማ ጥሩዬን» እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ። ሙሉ ተጠመጠመችብኝ። ባልና ሚስት ተቃቅፈን ስናለቅስ ቤት የሞላው ለቀስተኛ ሁሉ ዝም ማለቱን ያስተዋልኩት ትንሽ ቆይቼ ነው። እትዬ ብርቄ የንፍሮውን ትሪ ለቀዋል። አንዲት ሴት ታማትባለች። ሌላዋ ወደ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆልፋለች።

ጋሽ ታምሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፤ እኔንም ቆንጠጥ አድርገው አረጋገጡ።

«እስቲ ጸጥ በሉ» አሉ። «ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?»

«እሱ ነዋ» አሉ እትዬ ብርቄ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

«እኔ?» አልኩ።

«እማዬስ?» አለች ሙሉ።

«እናትሽ ደግሞ ምን ሆኑ?» አሉ ጋሽ ታምሩ።

ነገሩ ተራ በተራ ወጣ። እትዬ ብርቄ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ስልክ ተደወለላቸው። ሊንዳ ናት፤ ሰውየው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከዓይን ተሰውሯል፣ እየፈለግን ነው አለቻቸው። እትዬ ብርቄ እንግሊዝኛው አልጠፋቸውም፣ እያንዳንዱ ቃል ገብቷቸዋል። «እኔ ምን ላድርግ ልጆቼ» አሉን፤ «ሚስት እያለችው ለእድር የተደወለለት ሰው በሕይወት አለ ብዬ እንዴት ላስብ?» ቤቱ ሁሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ሊንዳ ከተገኘሁ በኋላ መልሳ ደውላ ነበር፤ እትዬ ብርቄ ግን አባላቱን እየጠሩ ስለነበር መስመሩ ተይዟል፣ መልእክቷም ሳይሰማ ቀርቷል።

ሙሉ ጋ የመጡት እንደ ወጉ ነው፤ መርዶ በድንገት አይነገርም፣ ሰው እስኪሟላ ዝም ይባላል። ስልኳን ወስደው ደበቁ። ለምን መጣችሁ ስትላቸው እንዲያው ናፍቀሽን ነው አሏት። ሃያ ሰው ጥቁር ለብሶ በአንድ ሰዓት አይናፍቅም። እናቷ ታመው እንደሰነበቱ ታውቃለችና እሪ አለች። እነሱም ሰው ሲጨንቀው እናቱን አይደል የሚጠራው ብለው፣ ሰምታለች ማለት ነው ብለው፣ መንገሩ ስለቀረላቸው ደስ ብሏቸው አብረዋት አለቀሱ።

ስልኳ ከእትዬ ብርቄ ቦርሳ ወጣና አዲስ አበባ ተደወለ። እማማ ጥሩዬ እራት ላይ ነበሩ። ድምፃቸውን ስንሰማ ሙሉና እኔ እንደገና አለቀስን። «ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?» አሉ እማማ ደንግጠው። ጋሽ ታምሩ ስልኩን ተቀበሉና «ማንም አልሞተም እማማ፣ የእድር ስብሰባ ላይ ነን» አሏቸው።

ሁሉም ተመስገን አለ። ንፍሮው ከወለል ተለቅሞ፣ ያልፈሰሰው ተከፋፈለ። የራሴን ንፍሮ ቀመስኩ፣ ጨው አንሶታል። ሙሉ ግን አልበላችም። ከባዶ እግሬ ጀምራ እስከ አንገቴ፣ ላስቲኩን፣ ፀጉሬ ውስጥ የቀረውን ሸምበቆ ቀስ ብላ አየችው።

«ኦታዋ ጎርፍ ነው?» አለችኝ።

ሸምበቆውን ከፀጉሬ ነቀልኩ። ጋሽ ታምሩ ንፍሮውን ማኘክ አቆሙ፤ መሐላዬን የሰሙ እሳቸው ናቸውና። ሙሉ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። ሻንጣው አልጋ ሥር እንዳለ አውቃለሁ፤ ሲጎተት ልሰማ ጆሮዬን ጣልኩ። ካልጋሪ ታየችኝ። ይህን ቤት ያለ ሙሉ አሰብኩት፣ ዕቃው ሁሉ ያለ፣ ሰው የሌለበት። ያን ጊዜ ወንዙ ራሱ ደግ ነበር አልኩ።

ተመልሳ ስትመጣ እጇ ላይ የያዘችው ማርከር ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ የምታስገባው ላይ የሥጋና የሽሮ ስም የምትጽፍበት።

«ዋሸኸኝ» አለች። «እሱን ከጋሽ ታምሩ ጋር እንነጋገርበታለን። ውሃ ውስጥ ገባህ። ሞኝ እንዳገባሁ አውቃለሁ፣ አይቼ ነው የገባሁበት። ግን አንድ ነገር ብትሆን ለማን እንንገርልህ ሲሉህ የእኔን ስም አልጻፍክም።»

«እንዳትሰሚ ብዬ እኮ ነው ሙልዬ።»

«እኔ ሳልሰማ ማን ይስማልህ? ሰው ሁሉ ሞትህን አውቆ ቤቴ ተቀምጧል፣ እኔ የማለቅሰው ለሌላ ነው።» የማርከሩን ክዳን በጥርሷ ነቀለች። «አምጣ እጅህን።»

ክንዴን ሰጠኋት። ከእጅ አንጓዬ ጀምራ ወደ ክርኔ፣ ያንኑ የተሰበረውን፣ ቁጥሯን በትልልቁ ጻፈችው። ጠንከር አድርጋ ነው የጻፈችው፣ ትንሽም ያማል።

«ቁጥርሽን እኮ በቃሌ አውቀዋለሁ» አልኳት።

«አንተ ታውቀዋለህ» አለች፤ «ይሄ ለሚያገኝህ ሰው ነው።»

ጋሽ ታምሩ የንፍሮ ሳህናቸውን አስቀመጡ፣ የኮታቸውን እጅጌ ሰበሰቡ፣ ክንዳቸውን ወደ እትዬ ብርቄ ዘረጉ።

«አንተን ደግሞ ነፋስ ከየት አግኝቶህ?» አሏቸው እትዬ ብርቄ።

«አይታወቅም» አሉ ጋሽ ታምሩ። «ጻፊልኝ።»